«ናኖ» የተቀባው ድንኳንና የእኛ ተራሮች

ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው አትላስ፣ ሆቴሎችና የጉዞ ወኪሎች የሚበዙበት ሠፈር ነው። ወደ ሰሜን ተራሮችም ሆነ ወደ ባሌ ለመውጣት ያሰበ መንገደኛ የጭነት እንስሳና መሪ የሚያገኘው ደባርቅ ወይም ዲንሾ ላይ ቢሆንም፣ የድንኳኑና የመኝታ ከረጢቱ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው እዚሁ ቦሌ ውስጥ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ የረር፣ ወደ ወንጪና ወደ መናገሻ ሱባ በእግር የሚወጡ የከተማችን ወጣቶች እየበዙ መጥተዋል። ገበያውም ይህን አይቶ ዝም አላለም። ጃኬቱ፣ ጫማው፣ የጀርባ ቦርሳው፣ ድንኳኑ፣ በቆርቆሮ የታሸገው የሚረጭ ፈሳሽ ሳይቀር «ናኖ» የሚል ቃል ተለጥፎበት ይቀርባል። ሻጩ በጨርቁ ላይ ውኃ ጠብ ያደርጋል፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይወርዳል፤ ገዢውም ተደንቆ የተጠየቀውን ይከፍላል።

ትርኢቱ እኛንም ያስደንቀናል፤ ከትርኢቱ ጀርባ ያለው ሳይንስም እውነተኛ ነው። ቅሬታችን ሌላ ነው። በአገራችን ተራሮች ላይ የሚያድር ሰው የሚያስፈልገው መከላከያ ከዚህ ቃል ጋር እምብዛም ግንኙነት የለውም። ከቃሉ ጋር ተዳብሎ የሚመጣው ፍሎሪን አዘል ኬሚካል ግን በውኃችን ውስጥ ከእኛ ዕድሜ በላይ ሊቆይ የሚችል ነው። ስለዚህ ለካምፕ ዕቃ ፍሎሪን አያስፈልገንም እንላለን። ምክንያታችንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ነገሩን ከመሠረቱ እንያዘው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ነው። ውኃ በአንድ ገጽ ላይ ሲያርፍ ሁለት ኃይሎች ይፎካከራሉ። የውኃው ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ገጹም በበኩሉ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። የገጹ ስበት ካየለ ውኃው ተዘርግቶ ጨርቁን ያርሰዋል፤ የእርስ በርስ ስበቱ ካየለ ግን ተሰብስቦ ጠብታ ይሆናል። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ይህ ፉክክር ጠብታው ከገጹ ጋር በሚሠራው ማዕዘን ሊገለጽ እንደሚችል ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1805 ነበር። ዛሬ ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ የሚበልጥበትን ገጽ ውኃ ገፊ፣ ከ150 ዲግሪ የሚያልፍበትን ደግሞ እጅግ ውኃ ገፊ ብለን እንጠራዋለን። በኋለኛው ላይ ጠብታው ኳስ መስሎ፣ ምንም ሳያርስ ይንከባለላል።

አንድ ለስላሳ ገጽ በምንም ዓይነት ኬሚካል ቢቀባ ከ120 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ ለመውጣት ሸካራነት ያስፈልጋል። ካሲና ባክስተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1944 እንዳብራሩት፣ ገጹ በጥቃቅን ጉብታዎች የተሞላ ሲሆን ጠብታው በጉብታዎቹ ጫፍ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ከሥሩ አየር ይታመቃል። እንግዲህ ጠብታው አብዛኛው አካሉ የተቀመጠው በአየር ላይ ነው ማለት ይቻላል። የናኖቴክኖሎጂ እውነተኛ ድርሻም እዚህ ላይ ነው፤ እነዚህን ጉብታዎች በናኖሜትር በሚለካ መጠን በጨርቅ ላይ መትከል።

ተፈጥሮ ግን ቀድማናለች። ጀርመናውያኑ ቪልሄልም ባርትሎትና ክሪስቶፍ ናይንሁይስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በዓለም ዝነኛ ያደረጉት የሎተስን ቅጠል ነው። የእኛ አንባቢ ይህን ለማየት ሎተስ ፍለጋ እስከ እስያ መሄድ አያስፈልገውም። በወላይታ ጓሮ የሚበቅለው የጎደሬ ቅጠል ከ150 ዲግሪ በላይ ማዕዘን አለው፤ ዝናብ ሲያባራ ቅጠሉ ደረቅ ሆኖ፣ ውኃው በመሐሉ እንደ ብርጭቆ ኳስ ተሰብስቦ ይታያል። ጎደሬ ያላየ ጥቅል ጎመን ሳያይ አይቀርም። በውጭኛው ቅጠል ላይ ያለው፣ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ነጣ ያለ ብናኝ የሰም ቅንጣት ነው። የቅጠሉን ውኃ ገፊነት የሚሰጡት ያ ሰምና ከሥሩ ያሉት ጉብታዎች ናቸው። ብናኙን በጣትዎ ጠርገው በዚያው ቦታ ላይ ውኃ ጠብ ቢያደርጉ፣ ጠብታው እንደ ቀድሞው አይንከባለልም። ይህች ቀላል ሙከራ የናኖ ቅብን ትልቁን ድክመት አስቀድማ ትነግረናለች፤ ቅቡ መታሸትን አይችልም። ሕያው ቅጠል ሰሙን መልሶ ያመርታል። ጨርቅ ግን ያጣውን አይተካም።

አሁን ወደ ፍሎሪኑ እንምጣ። የውኃ የገጽ ውጥረት 72 ሚሊ ኒውተን በሜትር ያህል ነው፤ የዘይቶች ግን ከ20 እስከ 30 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። አንድ ገጽ አንድን ፈሳሽ እንዲገፋ የገጹ ኃይል ከፈሳሹ በብዙ ማነስ አለበት። ሰምና ሲሊኮን ውኃን ለመግፋት ይበቃሉ፤ ዘይትን ለመግፋት ግን አይበቁም። ዘይትንም ጭምር የሚገፉት የፍሎሪን ውሕዶች ናቸው። ሮይ ፕለንኬት ቴፍሎንን በአጋጣሚ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላም የቴፍሎን ዘመዶች የሆኑ ውሕዶች በጃኬት፣ በምንጣፍና በድንኳን ላይ ተቀቡ። እንግዲህ ፍሎሪን በሰም ላይ ያለው ብልጫ በዋናነት ዘይት መግፋቱ ነው። የነዳጅ ሠራተኛ ወይም የእሳት አደጋ ተከላካይ ይህ ብልጫ ሊያስፈልገው ይችላል። ነገር ግን በድንኳኑ ላይ ዘይት የሚዘንብበት መንገደኛ ማን ነው? ሽሮ የሚሠራው ጓደኛ እጁ ካልተንቀጠቀጠ በቀር እንዲህ ያለ አደጋ አናውቅም።

ለዚህች ትርፍ ብልጫ የሚከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። በካርቦንና በፍሎሪን መካከል ያለው ትስስር በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከሚታወቁት እጅግ ጠንካራ ትስስሮች አንዱ ነው። ፀሐይም ሆነ ባክቴሪያ በቀላሉ አይበጥሰውም። እነዚህ ውሕዶች «የዘላለም ኬሚካሎች» የተባሉትም ስለዚህ ነው። ከጨርቁ በእጥበት፣ በዝናብና በመታሸት ይለቃሉ፤ ከለቀቁም በኋላ አይጠፉም፤ ከውኃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ሰው ደም ይሻገራሉ። ፒፎስ የተባለው ውሕድ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ፒፎአ የተባለው በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፒፎአን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በካሊፎርኒያና በኒው ዮርክ እነዚህን ውሕዶች የያዘ አዲስ ልብስ መሸጥ ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ተከልክሏል፤ ፈረንሳይም ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ከልክላለች። ለሐቁ ሲባል መጥቀስ የሚገባን፣ ሁለቱ የአሜሪካ ግዛቶች ለከባድ ዝናብ የተሠሩ ልብሶችን እስከ 2028 ድረስ በጊዜያዊነት ያለፏቸው መሆኑን ነው። ማዕበል ውስጥ ለብዙ ቀናት የሚቆይ ሰው ጉዳይ ገና ክርክር አለበት ማለት ነው። የእኛ የሁለት ቀን የወንጪ መንገደኛ ግን እዚያ ክርክር ውስጥ የሚገባ አይደለም።

«ይህ የሩቅ አገር ጣጣ ነው» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኬሞስፌር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት፣ የእነዚህን ውሕዶች ቤተሰብ በጣና ሐይቅ ውኃ፣ ደለልና ዓሣ ውስጥ ፈልጎ አግኝቷል። መጠኑ ዝቅተኛ ነበር። ከድንኳን የመጣ ነው ማለታችንም አይደለም፤ የእነዚህ ኬሚካሎች ምንጭ ብዙ ነው። ቁም ነገሩ የኢትዮጵያ ውኃ ከዚህ ታሪክ ውጭ አለመሆኑ ነው። ሰው ድንኳን የሚተክልባቸው ከፍታዎች ደግሞ ተራ ቦታዎች አይደሉም። ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ውኃ ወደ ተከዜ ይገባል፤ ከባሌ የሚወርደው ወደ ገናሌና ወደ ዋቢ ሸበሌ። መጠኑ ገና ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ መጠንቀቅ፣ ከፍ ካለ በኋላ ከማጣራት እጅግ ይቀላል።

ድንኳን በእርግጥ የሚደርቀው በምንድን ነው? እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በዚህ ነጥብ ነውና። ውኃ የሚገፋ ቅብና ውኃ የማያስገባ ጨርቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ጠብታው ከላይ እንዲንከባለል ያደርጋል። ሁለተኛው፣ ማለትም ከጨርቁ ሥር ያለው የፖሊዩሬቴን ወይም የሲሊኮን ልባጥ፣ ውኃው ተጭኖ እንዳይገባ ይከለክላል። የልባጡ ብርታት የሚለካው በሚችለው የውኃ ዓምድ ቁመት ሲሆን፣ በድንኳን መለያ ላይ 1,500 ወይም 3,000 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው። የላይኛው ቅብ ቢያልቅ ጨርቁ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል እንጂ፣ ልባጡና የስፌቱ ጥብጣብ ደኅና እስከሆኑ ድረስ ዝናቡ ወደ ውስጥ አይገባም። ውኃ የሚያስገቡት አብዛኛውን ጊዜ የተላጠ ስፌትና ያልተወጠረ ጨርቅ ናቸው። የእድራችን የድሮ ሸራ ድንኳን ያለ አንዳች ናኖ ስንቱን የክረምት ለቅሶ እንዳሳለፈ እናስታውስ። የጥጥ ክር ሲርስ ያብጣል፤ ሲያብጥ በክሮቹ መካከል ያለውን ቀዳዳ ይደፍናል። እንግዳው ከውስጥ ሸራውን በጣቱ ካልነካ በቀር ውኃው ተዳፋቱን ተከትሎ ይወርዳል።

በእኛ ተራሮች ላይ የናኖ ቅቡ ዕድሜ ራሱ አጭር ነው። ድንኳኑ በበቅሎ ጀርባ ላይ በመጫኛ ተጠፍሮ፣ ከሳንቃበር ወደ ጊች፣ ከጊች ወደ ጨነቅ ሲጓዝ ቀኑን ሙሉ ይታሻል። የጎመኑን ብናኝ በአንድ ጣት የጠረገ ሰው፣ መጫኛ በናኖ ጉብታ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አይቸገርም። ፀሐዩም አለ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጨነቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,600 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቀረብ ባለ ሰማይ ሥር ነው። አቧራና የኩራዝ ጭስ ሲታከሉበት፣ በአትላስ ደጃፍ የተንከባለለችው ጠብታ ከጥቂት ጉዞዎች በኋላ ትዘረጋለች።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። አብዛኛው መንገደኛ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው የበጋ ወቅት ነው። በዚያ ወቅት ሌሊቱን የሚያረጥበው በአመዛኙ ዝናብ ሳይሆን የራሳችን እስትንፋስ ነው። አንድ ሰው ሳይታወቀው ከሳንባውና ከቆዳው በቀን 800 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ያወጣል። ሦስት ሰዎች በአንድ ድንኳን ተዘግተው ስምንት ሰዓት ቢተኙ፣ በትንሹ ስሌት 800 ሚሊ ሊትር ውኃ ወደ አየሩ ይገባል። ውጭው ውርጭ ነው፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ጨርቅ የውስጥ ገጽ ላይ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፣ ንጋት ላይም በመኝታው ላይ ይንጠባጠባል። ተከራዩም «ድንኳኑ አፈሰሰ፣ ናኖ አልነበረም» ብሎ ያማርራል። ያፈሰሰው ግን ራሱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ከውጭ የሚቀባ ኬሚካል አይደለም፤ ሁለት ሽፋን ያለው ድንኳንና ብርዱን ታግሶ መስኮቱን ከፈት አድርጎ ማደር ነው።

ስለሚረጨው ፈሳሽ ለብቻው አንድ ማሳሰቢያ አለን። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 በጀርመን አገር «ማጂክ ናኖ» የሚባል የመስታወትና የሴራሚክ መጠበቂያ ገበያ ላይ በዋለ በቀናት ውስጥ፣ 100 ያህል ሰዎች የመተንፈስ ችግር ገጠማቸው፤ አንዳንዶቹም ሳንባቸው ውኃ ቋጥሮ ሆስፒታል ገቡ። ምርቱ ከገበያ ተሰበሰበ። ዓለምም ናኖቴክኖሎጂን ከሰሰ። በኋላ ሲመረመር ግን በፈሳሹ ውስጥ አንድም የናኖ ቅንጣት አልተገኘም። ቃሉ ከናኖው ዓለም ተወስዶ ለማስታወቂያ የተለጠፈ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ «ናኖ» የሚለው መለያ በውስጡ ስላለው ነገር ዋስትና አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ውኃ የሚገፋ ፈሳሽ እጅግ ደቃቅ ሆኖ ሲረጭ፣ ናኖ ይኑረውም አይኑረው፣ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ገብቶ ሊጎዳ የሚችል መሆኑ ነው። በኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ፣ ይባስ ብሎም በተተከለ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ይህን ፈሳሽ መርጨት ከቶ የማይገባ ነው።

የሀብታሞቹ አገሮች ክልከላ የእኛን ገበያ ያጸዳል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው። ክልከላው የሚመለከተው እዚያ የሚሸጠውን አዲስ ዕቃ ነው። ከክልከላው በፊት የተሠራው ጃኬትና ድንኳን ግን አልተቃጠለም፤ በሰልባጅ፣ በዘመድ ሻንጣ፣ በርካሽ ዋጋ የትም ሊደርስ ይችላል። የሰልባጅ ጃኬት የገዛን ወጣት ልንወቅሰው አንሻም፤ ለኪሱ የሚስማማው እሱ ነው። ለብሶት በመሄዱ በቆዳው በኩል ይመረዛል የሚል ማስፈራሪያም አናሰማም፤ ዋናው ችግር ከልብሱ ታጥቦ የሚወርደው ነው። ጥያቄያችን የሚያቀናው በብዛት ወደሚገዙትና ደረጃ ወደሚያወጡት ነው።

አንድ የጉዞ ወኪል በአንድ ጊዜ ሃያና ሠላሳ ድንኳን ይገዛል። ለአቅራቢው «ፍሎሪን አለበት ወይስ የለበትም? የውኃ ዓምዱ ስንት ነው? ስፌቱ ተለጥፏል ወይ?» ብሎ መጻፍ አንዳች ወጪ የለበትም። ከፍሎሪን ነፃ የሆኑ ድንኳኖችና ጃኬቶች ዛሬ በዓለም ገበያ በሽ ናቸው፤ ታላላቅ የሚባሉት አምራቾች ሳይቀሩ ወደዚያው ዞረዋል። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትም «ናኖ» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ የቅቡን ዓይነት በመለያው ላይ እንዲገልጽ ቢያስገድድ ለገዢው ትልቅ ውለታ ነው። ከፍሎሪን ነፃ የሆነው ቅብ በእጅ ወዝና በጭስ ፈጥኖ እንደሚደክም አንክድም። ጃኬት ከሆነ ግን በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ፣ በላዩ ስስ ጨርቅ ተደርጎ በዝቅተኛ ሙቀት ቢተኮስ አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል።

ለተማሪዎቻችን ደግሞ የተሻለ ሥራ አለ። በመንዝ ጓሳ እረኛው ዝናብ ሲመጣ የሚደርበው ገሳ ከጓሳ ሣር የሚሠራ ነው። ሣሩ ቁልቁል ተደራርቦ ስለሚታሰር፣ ጠብታው ከአንዱ ዘለላ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ መሬት ይደርሳል፤ በመሐሉ ያለው አየር ደግሞ እንፋሎቱን ያስወጣል። ሰማንያ ገጽ የማስታወቂያ ወረቀት የሚወራለትን «የሚተነፍስና የማያስገባ» ጨርቅ እረኛው ለብሶት ቆሟል። እርግጥ ገሳ ከብዶ፣ በቦርሳ አይታጠፍም፤ ወደ ገሳ እንመለስ እያልን አይደለም። ነገር ግን የጓሳ ሣር የግንኙነት ማዕዘን ስንት ነው? ባናና በርኖስ የሚሠራበት የበግ ሱፍ የሚይዘው ስብ ከንብ ሰም ጋር ተዋሕዶ በጥጥ ሸራ ላይ ቢቀባ ስንት የውኃ ዓምድ ይችላል? እነዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቁ ጥያቄዎች ናቸው፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ጋር ቢጣመሩ ሊመልሷቸው ይችላሉ።

መለኪያው ውድ አይደለም። ጨርቁን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ዘርግቶ፣ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ አንዲት ጠብታ አሳርፎ፣ የእጅ ስልክን ከጠብታው እኩል ዝቅ አድርጎ ከጎን ፎቶግራፍ ማንሣት ነው፤ ከዚያ ፎቶግራፉን አትሞ ማዕዘኑን በፕሮትራክተር መለካት። ቀጥሎ በዚያው ጨርቅ ሌላ ጥግ ላይ አንዲት ጠብታ የምግብ ዘይት ያሳርፉ። ውኃው ዶቃ ሠርቶ ዘይቱ ከሰረገ፣ ቅቡ ሰም ወይም ሲሊኮን ሳይሆን አይቀርም። ዘይቱም እንደ ውኃው ዶቃ ሠርቶ ከቆመ፣ በጨርቁ ላይ ያለው ፍሎሪን መሆኑን በብርቱ መጠርጠር ይገባል። ወደ አትላስ ድንኳን ሊከራይ የሚሄድ አንባቢ ባለቤቱን አስፈቅዶ ይህን በድንኳኑ ከረጢት ጥግ ላይ ሊሞክረው ይችላል፤ ጠብታዋን ከግማሽ ደቂቃ በኋላ በሶፍት መጥረግ እንዳይረሳ።